ስድስቱ ማከማቻዎችና የባ ቺሌክዋ ድምፅ

የሞተ ሰው ሲናገር የሰማሁት በቀን ብርሃን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በማዕድን ከተማችን ከንካና ወደ ዉሳኪሌ ሰፈር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ነበር። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ የሚኒባሱም ጣሪያ ያፈሳል። እኔ ከኋላ ወንበር ጥግ ይዤ፣ ከገበያ የገዛሁትን የሬዲዮ መለዋወጫ በጉያዬ ሸጉጬ ተቀምጫለሁ። ከጎኔ አንዲት መነጽር ያደረገች ወጣት ግራጫ ሳጥን ታቅፋለች። ከሳጥኑ የወጣ ሽቦ በጉልበቷ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ጠብታ ከጣሪያው ወርዶ ልክ በሽቦው ጫፍ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ወዲያው ሳጥኑ ተናገረ።

«ፉሜኒ! ፉሜኒ! አሜንሺ ያይሳ!»

ውጡ፣ ውሃ መጣ ማለቱ ነው። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ። ዶሮ የታቀፈች ሴትዮ «የምን ውሃ? የት ነው ውሃው?» እያለች በሩን ከፍታ ዘለለች፤ ሌሎችም ተከተሏት። እኔ አልተነቃነቅሁም። ያ ድምፅ የድሮ ባልደረባዬ የባ ቺሌክዋ ነው። ሲቀዳ ጉንፋን ይዞት ስለነበር መጨረሻው ላይ ትንሽ ይስላል፤ ሳሉም እዚያው አለ። ባ ቺሌክዋን አፈር ካለበስነው ሦስት ዓመት ሆኖታል።

«ይህን ሳጥን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

«ከሥራ ቦታዬ ነው አጎቴ። ይቅርታ፣ አስደነገጥኳችሁ። ማዕድኑ መሥሪያ ቤት፣ ሳናስጮኸው፣ አሳይቼው ስመለስ ነው።» ሽቦውን በቀሚሷ ጫፍ አደረቀችው። «ግን ይህ የእኛ ድምፅ አይደለም። የእኛ ሳጥኖች በሴት ድምፅ ነው የሚናገሩት። ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«የማን ሥራ ቦታ ነው ያልሽኝ?»

«የባ ካፔምብዋ።»

ስሙን ስሰማ አፌ መረረኝ። ለምን እንደ መረረኝ ልንገራችሁ፤ ቂመኛ የሚለኝ ካለ ይበል።

ባ ካፔምብዋ («ባ» የአክብሮት መጠሪያችን ነው) ከባቡር ጋራዡ ጀርባ ባለች ሱቁ ውስጥ በማዕድን ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ሳጥን ይሠራል። ሳጥኑ ውስጥ ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር የሚሠራ መዳፍ የማይሞላ ኮምፒውተር አለ። እኔ ለስድስት ዓመት የሳጥኑን ሽቦዎች በያጅ ነበርኩ። ባ ቺሌክዋ ሳጥኖቹን ጉድጓዱ ውስጥ የሚሰቅል ሰቃይ ነበር፤ ድምፁንም ለሳጥኖቹ የሰጠ እሱ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ሲገባ፣ እኔ የበየድኩት፣ እሱ የሰቀለው ሳጥን ዝም አለ። የገዛ ድምፁ ዝም ብሎት እዚያው ቀረ። በቀብሩ ላይ የሬሳ ሳጥኑን ገመድ ስይዝ ባ ካፔምብዋ «አንተ ልቀቅ፤ የገደለው ያንተ ብየዳ ነው» አለኝ። በሟቹ ሚስት በባና ሙሶንዳ (የሙሶንዳ እናት ማለት ነው) ፊት፣ በመላው ዉሳኪሌ ፊት። ሳጥኑን ከማዕድኑ ሲመልሱልን ደግሞ «ሥራህን ውሰድ» ብሎ ደረቴ ላይ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ የሰው ሬዲዮ እየጠገንኩ እኖራለሁ። የተማሩት አዋርደውኛል፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የከፋው ግን እኔም አምኜው መኖሬ ነው።

ልጅቷ ስሟ ቶኮዚሌ ጄሬ ነው። የቺፓታ ንጎኒ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ እዚያ ሱቅ ከገባች ስምንት ወሯ ነው። የድምፁን ባለቤት ስነግራት ሳጥኑን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ይምጡ፣ አብረን እንሂድ» አለችኝ። ሦስት ዓመት ያልረገጥኩትን ደጅ ስለ አንድ ሳል ብዬ ረገጥኩ።

መብራት በፈረቃ ጠፍቷል። ሱቁ ጨለም ብሏል። መደርደሪያው ላይ አሥራ አንድ ሳጥኖች በባትሪያቸው ተደርድረው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ አንዳንድ አረንጓዴ መብራት በርቶ፣ እንደ ዓይን ያዩናል።

«አይጥ በላዋ መጣች!» አለ ባ ካፔምብዋ ከጠረጴዛው ሳይነሳ። «ሳጥናችንን ወደዱት?» ከዚያ እኔን አየ። «ይህን ሰው ማን አመጣው?»

«ዝናቡ ነዋ ባሺኩሉ» አለች ቶኮዚሌ፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ይልቅ ዝንጀሮ በልተው ካልከበደዎት ይነሡና ይህን ይስሙ።» ከኩባያው በጣቷ ውሃ ነክራ በሽቦው ጫፍ ላይ ጣል አደረገች።

ባ ቺሌክዋ ውጡ አለን። ሦስት ጊዜ። ሳለም።

ሽማግሌው ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ቀስ ብሎም መልሶ ተቀመጠ። «አጥፍቼዋለሁ» አለ። «የለቅሶው ማብቂያ ዕለት ወንድሞቹ 'የሞተ ሰው በሕያዋን መሀል አይናገር' ብለው ጠየቁኝ፤ ቆመው እያዩኝ በዚህ እጄ አጠፋሁት። ይህን ሳጥን የፈተሽኩትም እኔ ነኝ።»

«ሲፈትሹት ድምፁን ሰምተው ነበር?» አለች ቶኮዚሌ።

«ጎረቤት ስለሚጮህብኝ ማጉያውን ነቅዬ፣ ውሃ ሲነካው በሚበራው ቀይ መብራት ብቻ ነው የምፈትሽ።» ላቡን ጠረገ። «ቺሌክዋ የሚፈልገው ነገር አለ። የጎሳው ሽማግሌ ይጠራ፤ ጠላ ይፍሰስለት።»

«ይጠራ፤ ይፍሰስም። እኔ የሰው ወግ አልነቅፍም» አለች ቶኮዚሌ። «ግን ሽማግሌው እስኪመጣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የሳጥኑን ፕሮግራም ለመገንባት ከስንት የኮድ ማከማቻ ነው የምንወስደው?»

«ልትፈትኚኝ ነው? ከስድስት! የሊኑክሱ እምብርት አንድ፣ ከውጭ የሚመጣው የግንባታ ደንብ ሁለት፣ የቺፕ ሠሪዎቹ ሦስት፣ የውሃ መዳሰሻው አራት፣ ድምፁ አምስት፣ የሱቃችን ስድስት።»

«ረቡዕ ይህን ሳጥን ሲሠሩ ከየማከማቻው የወሰዱት የትኛውን ነው?»

«ያለውን ነዋ። አዲሱን።»

«የትኛውን አዲስ? ኮምፒውተርዎ ላይ 'አዲስ' የሚል ፎልደር አለ፤ 'አዲስ ሁለት' አለ፤ 'የመጨረሻ' አለ፤ 'በእውነት የመጨረሻ' አለ፤ ትናንት ደግሞ 'ይህን አትንኩ' የሚል ተወልዷል።»

«የቱ የት እንዳለ በጭንቅላቴ አውቀዋለሁ።»

«ሰኞ ዕለት መነጽርዎን ግንባርዎ ላይ ሰክተው ሲፈልጉት ነው የዋሉ።»

እኔ ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ሽማግሌው ገላመጠኝ። «ምነው ይህች ልጅ አፏ!»

«ምን ላድርግ ባሺኩሉ፣ ንጎኒ ነኝ። ቤምባ ሲሞት ሬሳ የምናነሣ፣ በቀብራችሁ ላይ የምንቀልድ እኛ ነን። የገዛ ወንድምዎ የማይደፍረውን እኔ ባልነግርዎት ለምኔ ነኝ?»

ይህ ወግ በአገራችን ትልቅ ነገር ነው። ቤምባና ንጎኒ ድሮ ተዋግተው ሲያበቁ በስድብ ታረቁ፤ አይጥ በላ፣ ዝንጀሮ በላ ሲባባሉ የሚቆጣ የለም። ሐዘንተኛ ያልደፈረውን እውነት በቀልድ ጠቅልሎ የሚያወጣው ከዚያኛው ወገን የመጣ ነው። እኔ ከሌላ ጎሳ፣ ናምዋንጋ ነኝና ይህ መብት አልነበረኝም። ቢኖረኝ ኖሮ ሦስት ዓመት ዝም አልልም ነበር።

«ስሚኝ» አለ ባ ካፔምብዋ ድምፁን አለስልሶ። «የምትፈልጊው ገብቶኛል። ከእያንዳንዱ ማከማቻ የትኛው እንደ ተወሰደ በዝርዝር ይጻፍና በዚያው ይታሰር ነው የምትዪ። ይህን ወሬ ከመጣሽ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። ነገር ግን እዚያ ውጭ ያሉ ሰዎች በየቀኑ ያሻሽላሉ፤ ቀዳዳ ይደፍናሉ። አሮጌውን አስሬ ስቀመጥ ቀዳዳውንም አብሬ አስሬ መቀመጤ አይደለም? አዲሱን ማምጣት ምን ነውር አለው?»

«ጥሩ አሉ። አዲሱን ማምጣት ነውር የለውም፤ ሳይጽፉ ማምጣት ነው ነውሩ። ለመለወጥ ስንፈልግ ዝርዝሩን እንለውጣለን፤ ማን ለወጠው፣ ለምን ለወጠው ይጻፋል፤ ከዚያ ይፈተሻል። የማይለወጥ ይሁን አላልኩም። ሳናውቀው አይለወጥ ነው ያልኩ።»

«ወረቀትም ይሳሳታል።»

«ይሳሳታል። የተሳሳተ ወረቀት ግን ይዘው ይከራከሩበታል፤ የተሳሳተ ጭንቅላት ባለቤቱን ያሳምናል።» ወንበር ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። «አሁን ይንገሩኝ። የጠፋው ድምፅ ከየት መጣ?»

ባ ካፔምብዋ ከጠረጴዛው ዳር የብስኩት ቆርቆሮውን ሳብ አደረገ። «ታኅሣሥ ላይ መብረቁ የኮምፒውተሩን ዲስክ በላው አይደል? ከብስኩት ቆርቆሮዬ ፍላሽ አውጥቼ ነው ማከማቻዎቹን የመለስኩ።»

«ፍላሹ ላይ ያለው ከመቼ ነው?»

የቆርቆሮውን ክዳን መልሶ ገጠመ።

«ባ ቺሌክዋ ሳይሞት በፊት ነው» አልኩ እኔ። ጣልቃ ለመግባት አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ያቺን ቆርቆሮ አውቃታለሁ።

«እንግዲህ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ፤ ድምጿ ውስጥ ቀልድ አልነበረም። «ድምፁ ከዚያ ከመጣ፣ ብቻውን ነው የመጣው? ከእሱ ጋር ሌላስ ምን መጣ?»

ሽማግሌው አሥራ አንዱን አረንጓዴ መብራቶች ዞሮ አያቸው። ሰኞ ጠዋት ባ ቺሌክዋ ወደ ቀረበት ጉድጓድ የሚወርዱ ናቸው። የባ ቺሌክዋ ልጅ ሙሶንዳም አሁን እዚያው ነው የሚሠራ።

«እነዚህስ መቼ ተሠሩ?» አለችው።

«ትናንት። ያው ናቸው።»

«ከረቡዕ ሥራዎ ጋር አንድ ናቸው?»

«ያው ናቸው አልኩሽ! ትናንት ኢንተርኔቱ ጥሩ ስለነበር የሊኑክሱን እምብርት አዲሱን አወረድኩ እንጂ ያው…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ቶኮዚሌ ኩባያውን ይዛ ተነሣች። የመጀመሪያውን ሳጥን ሽቦ ውሃው ውስጥ ነከረች። አረንጓዴ እንደ ሆነ ቀረ። ሁለተኛውን ነከረች። ሦስተኛውን ሽማግሌው ራሱ ነጠቃትና ነከረ፤ ሽቦውን እስከ ወገቡ አሰጠመው። ምንም። አሥራ አንዱም ዝም አሉ። የባ ቺሌክዋ ድምፅ በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ተኝቷል፤ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማል። አንባቢ ሆይ፣ የሞተ ሰው ሲናገር መስማት ያስፈራል ትላለህ፤ እሱ ምንም አይደለም። ዝም ሲልህ ነው የሚያስፈራው።

«ቤቴ ሄጄ ልምጣ» አልኩ።

ቤቴ ሩቅ አይደለም። ያንን ደረቴ ላይ የተወረወረ ሳጥን ከአልጋዬ ሥር አውጥቼ፣ ጭቃው እንደ ደረቀበት፣ በላስቲክ ጠቅልዬ አመጣሁት። ለምን እንዳስቀመጥኩት እንዳትጠይቁኝ። ሰው በደሉን የት ይጥላል?

ቶኮዚሌ አስቀድማ የብየዳዬን ጫፎች በመለኪያዋ ነካካቻቸው። ጢጥ አለ፤ ሽቦው አልተቋረጠም ማለት ነው። ሌላውን ነካች፤ ጢጥ። ስድስቱም ጢጥ አሉ። «ሦስት ቀን በውሃ ውስጥ ሰንብቶ ይህ ብየዳ አልተነቃነቀም» አለች። ባ ካፔምብዋን አላየችም፤ እኔንም አላየችኝም። ቀጥላ የሳጥኑን ማስታወሻ ካርድ አውጥታ ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። ሳጥኑ በየአሥር ሴኮንዱ የጻፈውን ሁሉ ይዞ ቆይቷል። እየተረጎመች አነበበችልን።

«መዳሰሻው አልተገኘም። ደረቅ ነው ተብሎ ተቆጥሯል። መዳሰሻው አልተገኘም። ደረቅ ነው ተብሎ ተቆጥሯል…»

«ውሃው የመጣበት ሰዓትስ?» አለ ሽማግሌው።

ወደ ታች ወረደች። «ሦስት ሰዓት ከሃያ። መዳሰሻው አልተገኘም። ደረቅ ነው።» አሁንም ወረደች። «በማግስቱም። ደረቅ ነው። ደረቅ ነው።»

ባ ቺሌክዋን ያወጣነው በሁለተኛው ቀን ነበር። ሳጥኑ ግን በውሃ ተውጦ፣ ባትሪው እስኪያልቅ እስከ ሦስተኛው ቀን፣ ደረቅ ነው እያለ ሲጽፍ ኖሯል።

«አዲሱ እምብርት የመዳሰሻውን በር ቀይሮታል» አለች ልጅቷ። «አሮጌው የመዳሰሻ ኮድ የድሮውን በር ያንኳኳል፤ የሚመልስለት የለም፤ መልስ ካጣ ደረቅ ነው ብሎ ያልፋል። ያኔም እምብርቱ አዲስ፣ መዳሰሻው አሮጌ ነበር። አሁንም ያው ጋብቻ ነው። በመሀሉ ሁለቱም አዲስ የሆኑት በአጋጣሚ ነው እንጂ ማንም አውቆ አይደለም።»

«ያኔ ፈትሼ ነበር» አለ ባ ካፔምብዋ። ድምፁ የሌላ ሰው ሆነ። «ማክሰኞ ሠርቼ ፈተሽኩ፤ ጮኸ። ሐሙስ ደግሞ እምብርቱን አዲስ ላድርገው ብዬ አውርጄ እንደገና ሠራሁ። የማክሰኞውን ፈትሼ የሐሙሱን ላክሁ። ሁለቱም ላይ 'የመጨረሻ' ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ቀና ብሎ አየኝ። «ሲምፑንግዌ።»

«አቤት» አልኩ።

ሌላ አልተናገረም። እኔም አልረዳሁትም። ሦስት ዓመት የጠበቅሁትን ቃል በአንድ ቀን ማቅለል አልፈለግሁም።

በኋላ ወደ ቶኮዚሌ ዞሮ «ዝርዝርሽን አምጪው፤ ከየት ይጀመራል?» አላት።

የዚያን ዕለት የተሠራውን ሥራ ሥልጡን ነን የሚሉም ቢሰሙት አይጎዳቸውም። ስድስቱን ማከማቻዎች በአንድ ዝርዝር ላይ ጻፉ፤ ስማቸውን፣ ከየት እንደሚመጡ፣ በየአንዳንዱም አንጻር የተወሰደውን መለያ። መለያው አርባ ፊደልና ቁጥር ነው፤ በማከማቻው ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትቀየር ሌላ ይሆናል፤ «አዲሱ» ብሎ መዋሸት አይቻልም። እኔ ሰባተኛ ክፍል የጨረስኩት ሰው አርባውን አንድ በአንድ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ እሷ ከጻፈችው ጋር አስተያየች፤ ሽማግሌውም ጣቱን እያስከተለ ተከታተለ። ዝብርቅርቅ ፎልደሮቹን ሁሉ፣ «ይህን አትንኩ» የሚለውንም ጨምሮ፣ በገዛ እጁ ወደ ጎን አወጣቸው። እምብርቱና መዳሰሻው ሁለቱም አዲስ፣ ድምፁ በፊት የነበረው የሴት ድምፅ ሆነ። መብራት ሲመጣ በሱቁ ኮምፒውተርም በልጅቷ ላፕቶፕም ከባዶ ተነሥተው፣ ከዚያች ዝርዝር ብቻ፣ ለየብቻ ገነቡ። እሑድ ረፋድ ላይ የሁለቱን ውጤት አነጻጸሩ። በአንዲት ነጥብ አልተለያዩም። አሥራ ሁለቱንም ሳጥኖች በአዲሱ ፕሮግራም ሞልተን፣ አንዱን ሳይሆን አሥራ ሁለቱንም፣ ማጉያቸውን ሳንነቅል ውሃ ውስጥ ነከርን። ጎረቤቱ አጥሩን ተሻግሮ እስኪመጣ ጮኹ።

ጥቅሙ ይህ ነው። መብረቅ ዲስክ ቢበላ ዝርዝሩ ካለ ሳጥኑ ዳግመኛ ይወለዳል። ሽማግሌው ቢታመም ልጅቷ፣ ልጅቷ ብትሄድ ሌላው ያንኑ ይሠራል። የተፈተሸውና የተላከው አንድ ይሆናል። ከዓመታት በኋላ አንድ ሳጥን ቢበላሽ ሆዱ ውስጥ ምን እንደ ነበር ይታወቃል። ይህ ከሁሉ ይበልጥብኛል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ካልታወቀ ጥፋቱ ሁልጊዜ በትንሹ ሰው ላይ ይወድቃል፤ በበያጁ፣ በሰቃዩ፣ በጥበቃው ላይ። ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ዕውቀቱን ብቻ አይደለም የሚያስቀምጥ፤ የሌላውን ስም ይጠብቃል።

እሑድ ከሰዓት ባ ካፔምብዋ ኮቱን ለብሶ «ና» አለኝ። ወደ ባና ሙሶንዳ ቤት ሄድን። የባሏ ወንድሞችም ነበሩ። ሙንኮዮ የሚባለው የበቆሎ መጠጥ ቀርቦልን ባ ካፔምብዋ አልጠጣም። ቆሞ «የሲምፑንግዌ እጅ አልነበረም። የእኔ ነበር» አለና ነገሩን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ምንም ሳያስቀር፣ ነገራቸው።

ከወንድሞቹ አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ባና ሙሶንዳ ረጅም ጊዜ አየችኝ። «ሦስት ዓመት ሰላም ሳልልህ አልፌሃለሁ» አለች። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሽማግሌው መለሰች።

«ነገ የሚወርዱትስ? ልጄ ከእነሱ ሥር ነው የሚቆመው።»

«ነገ በሚወርዱት ውስጥ ያለውን አውቃለሁ። ተጽፏል።» ወረቀቱን ከኮቱ አወጣ።

«ያንብቡልኝ።»

«ቁጥርና ፊደል ብቻ ነው ባና ሙሶንዳ። አይገባሽም።»

«ይግባኝ አላልኩም። ያንብቡልኝ አልኩ።»

መነጽሩን አደረገና ጀመረ። የመጀመሪያውን ማከማቻ ስም አነበበ፤ አርባውን ምልክት አንድ በአንድ ጠራ። ሁለተኛውን ጨረሰ። ሦስተኛው ላይ «እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል» ብሎ ሊያልፍ ሲል እጇን አነሣች። ተመልሶ ከዘለለበት ጀመረ። ከዚያ በኋላ አንዲቱንም ሳታስዘልለው እስከ ስድስተኛው፣ እስከ መጨረሻዋ ፊደል ድረስ፣ ተቀምጣ ሰማችው።